የውስጥ ተጋድሎ የታላቅ ሥራ መነሻ እንደሚኾን፤ በሄሮኒሞስ ታሪክ ላይ የተጻፈ ሐተታ

በኦሪት ዘፍጥረት በ32ኛው ምዕራፍ ያዕቆብ ቤተ ሰቡንና ከብቱን የያቦቅን ወንዝ አሻግሮ ብቻውን እንደ ቀረ፥ እስኪነጋ ድረስም ሲታገል እንዳደረ፥ ሹልዳው ተነክቶ እያነከሰ እንደ ሄደ፥ ስሙም እስራኤል እንደ ተባለ ተጽፎ እናገኛለን። መምህራን ከዚህ ንባብ ብዙ ምሥጢር ያወጣሉ። እኛ ግን በዚህች አጭር ጽሑፍ አንዱን ብቻ እንመለከታለን። ያዕቆብ በረከቱን የተቀበለ ከወንድሙ ከዔሳው ጋራ ፊት ለፊት ሳይገናኝ፥ ሰው በማያይበት ሌሊት ነው። በቀን የታየው ዕርቅ በሌሊት ከተደረገው ትግል በኋላ መጣ። አንድም፤ በረከቱና ማነከሱ ባንድ ሌሊት ስለ ተሰጡት፥ ስሙ እስራኤል ከተባለ በኋላም አረማመዱ እንደ ቀድሞው አልኾነም።

ታላላቅ ሥራ የሠሩትን ሰዎች ስናስብ ልባቸው እንደ ረጋ ውኃ ጸጥ ያለ፥ ሐሳባቸው ያልተከፈለ ይመስለናል። መጽሐፋቸውን እናነባለን እንጂ ያደሩበትን ሌሊት አናይምና። ከዚህም የተነሣ ሐሳቡ የሚበተንበት ተማሪ፥ በጸሎቱ መካከል ልቡ ወደ ገበያ የሚሄድበት ካህን፥ ቍጣው የሚያሸንፈው ሹም፥ እኔስ ለበጎ ነገር አልተፈጠርሁም ብሎ የጀመረውን ሥራ ይተዋል። ይህ አሳብ ስንት ሊቅ ሊኾን የሚችል ሰው እንዳስቀረ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ስለዚህ ነገሩን በምሳሌ ብቻ ሳይኾን በታሪክ መመርመር ይገባል፤ ለዚህም ከቀደሙት ሊቃውንት የሄሮኒሞስን ሕይወት መረጥን። የራሱን ተጋድሎ በራሱ እጅ ጽፎ ትቶልናልና። በዚህ የሚነገሩት ዓመቶች ኹሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ታሪክ፤ ሄሮኒሞስ ጀሮም ተብሎ የሚጠራው ነው። በ347 ዓ.ም. ገደማ ስትሪዶን በምትባል ትንሽ ከተማ ከክርስቲያን ቤተ ሰብ ተወለደ። በወጣትነቱ ወደ ሮም ሄዶ ዶናጦስ ከሚባለው ስመ ጥር የሰዋስው መምህር ዘንድ ተማረ፤ በዚያም ተጠመቀ። የላቲንን ቋንቋ እንደርሱ አሳምሮ የሚጽፍ በዘመኑ ጥቂት ነበረ። ነገር ግን ልቡን የማረከው የአረማውያን ሊቃውንት የንግግር ውበት፥ ይልቁንም ኪኬሮ የሚባለው የሮም ተናጋሪ መጽሐፍ ነበረ። ዓለምን ትቶ ወደ ምሥራቅ በወጣ ጊዜ ወላጆቹን፥ እኅቱን፥ ጥሩውንም መብል ተወ፤ በሮም በብዙ ድካም የሰበሰባቸውን መጻሕፍት ግን መተው አልቻለም። ጾሞ ኪኬሮን ያነብ ነበረ፤ ስለ ኃጢአቱ አልቅሶ ሌሊቱን ከቈየ በኋላ የተውኔት መጽሐፍ ያነሣ ነበረ። ወደ ነቢያት መጻሕፍት በተመለሰ ጊዜ ግን ንግግራቸው ሻካራ ኾኖ አስቀየመው።

በ374 ዓ.ም. ገደማ በአንጾኪያ ሳለ በዐቢይ ጾም እኩሌታ ጽኑ ንዳድ ያዘው፤ አብረውት ከመጡት ወዳጆቹም ኹለቱ በዚያ ወራት ሞተውበት ነበረ። ለመቃብሩ ሲዘጋጁለት በሕልም ወደ ዳኛ ዙፋን ተወሰደ። ማን ነህ ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ ክርስቲያን ነኝ አለ። ዳኛውም ዋሽተሃል፥ አንተ የኪኬሮ ነህ እንጂ የክርስቶስ አይደለህም ብሎ እንዲገረፍ አዘዘ። በዙሪያው የቆሙት ስለ ወጣትነቱ ማለዱለት፤ እርሱም የዓለምን መጻሕፍት ዳግመኛ ቢያነብ ክርስቶስን እንደ ካደ እንዲቈጠርበት ማለ። ይህን ኹሉ ከዐሥር ዓመት በኋላ፥ በ384 ዓ.ም.፥ ኤውስጦኪዮም ለምትባል ድንግል በላከው ደብዳቤ ራሱ ተረከው።

ከዚህ በኋላ ካልኪስ ወደምትባለው የሶርያ በረሃ ወጣ። እዚያ ሰላም አገኘ ብለን እንጠብቅ ይኾናል፤ እርሱ የጻፈው ግን ሌላ ነው። ቈዳው በፀሓይ ጠቍሮ፥ አጥንቱ ከምድር ጋራ እየተጋጨ፥ ጎረቤቶቹ ጊንጦችና አራዊት ብቻ ኾነው ሳለ፥ ልቡ በሮም ዘፋኞች ልጃገረዶች መካከል ይመላለስ እንደ ነበረ አልሸሸገም። ፊቱ በጾም ገርጥቶ ሥጋው ሳይሞት የሞተ ሲመስል፥ የምኞት እሳት ግን በውስጡ ይነድ ነበረ። ደረቱን እየመታ ቀኑን ከሌሊት ጋራ ያገናኝ ነበረ፤ በዓቱንም ሐሳቡን እንደምታውቅበት ሰው ቈጥሮ ፈራት።

ሐተታ፤ እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ የብዙ ሰው ታሪክ ነው። የሚታገል ሰው ቍጥር የለውም፤ ከትግሉ ፍሬ ያወጣ ግን ጥቂት ነው። ልዩነቱ የተገኘው ከዚህ በሚቀጥለው ነገር ነው።

ሄሮኒሞስ ጾሙ ሐሳቡን እንዳላሰረለት ባየ ጊዜ፥ ከአይሁድ ወገን ወደ ክርስትና የተመለሰ አንድ መነኵሴ በዚያ ነበረና፥ ደቀ መዝሙር ኾኖ የዕብራይስጥ ቋንቋ ይማር ጀመረ። የሮምን ሊቃውንት ለዛ ያጣጣመ ሰው እንደ ሕፃን ከፊደል ተነሣ። በጕሮሮ የሚነገሩት ቃላት ለላቲን ምላስ እጅግ የከበዱ ስለ ነበሩ፥ ስንት ጊዜ ተስፋ እንደ ቈረጠ፥ ስንት ጊዜ ትቶ እንደ ገና እንደ ጀመረ፥ ዐርባ ዓመት ያህል ካለፈው በኋላ ሩስቲኮስ ለሚባል ወጣት መነኵሴ በላከው ደብዳቤ ነገረው። በዚያም መራራ ከነበረው ዘር ጣፋጭ ፍሬ እየለቀመ ስለ መኾኑ እግዚአብሔርን አመሰገነ።

ግዕዝ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ድካም በቀላሉ ያስተውለዋል። ዕብራይስጥና ግዕዝ ከአንድ ሥር የወጡ ቋንቋዎች ናቸው፤ ሐመሩ ሐና ዐይኑ ዐ በዕብራይስጥም ሔትና ዓይን ተብለው ይገኛሉ። በመዝሙረ ዳዊት በ118ኛው መዝሙር ከአሌፍ እስከ ታው ያሉትን የፊደላት ስሞች ደጋሚው ኹሉ ያውቃቸዋል። ለኛ ዘመድ የኾነው ፊደል ለሄሮኒሞስ ባዕድ ነበረ፤ ያውም በፈቃዱ የተቀበለው ቀንበር ነበረ።

በዚህ ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። አስቀድሞ የነቢያት ንግግር ሻካራ ነው ብሎ ያስቀየመው፥ ያ ሻካራነት ከወጣበት ምንጭ ወርዶ መጠጣት ኾነበት። የናቀው ነገር የዕድሜው ሥራ ኾነ። ልቡን ባዶ አድርጎ ሊያሸንፍ በሞከረ ጊዜ ባዶው ቤት በትዝታ ተመላ፤ ከባድ ሥራ ባገባበት ጊዜ ግን ለትዝታው ስፍራ ጠበበው። ይህን ማለታችን ጾምን ለማቃለል አይደለም። ጾም ሥጋን ይገራል፤ የተገራ ፈረስ ግን ካልተጫነና መንገድ ካልተመራ ቆሞ ይውላል። ጌታችን በወንጌል ስለ ተጠረገውና ባዶ ስለ ተገኘው ቤት ያስተማረው ምሳሌ ለዚህ ይስማማል፤ ባዶ ቤት ሰባት ክፉዎች እንግዶች ይጠራልና።

ታሪክ፤ ሄሮኒሞስ በበረሃው ብዙ ዓመት አልቈየም። በአንጾኪያ ቅስና ተቀበለ፤ በቍስጥንጥንያም ነባቤ መለኮት ከተባለው ከጎርጎርዮስ ዘንድ መጻሕፍትን ሰማ። በ382 ዓ.ም. ወደ ሮም ተመለሰ፤ የሮም ሊቀ ጳጳሳት ዳማሶስም ጸሐፊው አደረገው። በዚያ ጊዜ በላቲን የተጻፉት ወንጌሎች ከገልባጮች ስሕተት የተነሣ እርስ በርሳቸው ይለያዩ ነበረና፥ ከግሪክ ጋራ እያመሳከረ እንዲያርማቸው አዘዘው። ዳማሶስ በ384 ዓ.ም. ባረፈ ጊዜ የሮም ካህናት አንደበቱን የጠሉት ሄሮኒሞስ መጠጊያ አጣ፤ በ385 ዓ.ም. ከተማዪቱን ትቶ ወጣ። ጳውላ የምትባል ከሮም መኳንንት ወገን የኾነች መበለት ከልጇ ከኤውስጦኪዮም ጋራ ተከተለችው። ወደ ግብጽ ወርደው የገዳማቱን መነኰሳት ጐበኙ፤ በእስክንድርያም ዲዲሞስ የተባለውን ዓይነ ስውር ሊቅ ሰሙ። በ386 ዓ.ም. በቤተ ልሔም ተቀመጡ። ጳውላም በገንዘቧ ለወንዶችና ለሴቶች ገዳማትን፥ ለእንግዶችም ማረፊያ አሠራች።

በዚያ ስፍራ ሄሮኒሞስ የብሉይ ኪዳንን መጻሕፍት ከዕብራይስጥ ወደ ላቲን ይተረጕም ጀመረ። ሥራው ከ390 ዓ.ም. ገደማ እስከ 405 ዓ.ም. ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ፈጀ። ሌላ ዕብራዊ መምህር፥ ባራኒናስ የሚባለውን፥ በብዙ ዋጋ ቀጠረ፤ ያም ሰው ወገኖቹን ፈርቶ እንደ ኒቆዲሞስ በሌሊት ይመጣ ነበረ። መጽሐፈ ጦቢትን ሲተረጕም፥ ከለዳውያንን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ወደ ዕብራይስጥ እየመለሰ ሲነግረው፥ እርሱ ወደ ላቲን እያዞረ ለጸሐፊ ይነግር ነበረ፤ ባንድ ቀንም ፈጸሙት። ዛሬ ቩልጋታ በሚባለው የላቲን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያለው ኹሉ የርሱ ሥራ አይደለም፤ እንደ ጥበብና እንደ ሲራክ ያሉት መጻሕፍት በጥንቱ ትርጕም ቀርተዋል። የሚበዛው ግን የርሱ ድካም ነው። ጉተንበርግ በ1455 ዓ.ም. ገደማ በማይንዝ ከተማ ያተመው ታላቅ መጽሐፍ ይኸው ነው። የሮም ቤተ ክርስቲያንም በ1546 ዓ.ም. በትሬንት ጉባኤ የታመነ ንባብ ብላ ወሰነችው፤ በ1979 ዓ.ም. የታረመ እትም እስኪወጣ ድረስም በርሱ ስትገለገል ኖረች።

ከዚህ ስፍራ ለኛም የሚደርስ ዝምድና አለ። ሄሮኒሞስ ሌታ ለምትባል እናት በላከው ደብዳቤ ከህንድና ከፋርስ ከኢትዮጵያም መነኰሳት በየቀኑ ወደ ቤተ ልሔም እንደሚመጡ ጽፏል። በዚያ ዘመን ጸሐፊዎች ኢትዮጵያ የሚሉት አገር ሰፊ ስለ ነበረ ከአክሱም ብቻ ናቸው ብለን አንወስንም። ነገር ግን የወገኖቻችን እግር በዚያ ደጅ መርገጡን ለማሰብ ምክንያት ይኾነናል። ደግሞም ሄሮኒሞስ በ420 ዓ.ም. ሲያርፍ የኬልቄዶን ጉባኤ ገና 31 ዓመት ይቀረው ነበረ፤ ስለዚህ ታሪኩ ከመለያየት በፊት የነበረው የአባቶች ዘመን ታሪክ ነው።

ሐተታ፤ ታላቅ ሥራ ከተሠራ በኋላ ተጋድሎው ያበቃ ይኾን? ይህን መመርመር ግድ ነው። ታሪክን ለምክር የሚጽፍ ሰው ፍጻሜውን ማሳመር ይወዳልና።

በመጀመሪያ፥ ሥራው ራሱ አዲስ ጠላት አመጣበት። ሕዝቡ የለመደው ንባብ ከሰባ ሊቃናት የግሪክ ትርጕም የወጣው ነበረ፤ የኛም የግዕዝ ብሉይ ከዚያ እንደ ተተረጐመ የታወቀ ነው። በአፍሪቃ ኦኤያ በምትባል ከተማ፥ በዛሬዪቱ ትሪፖሊ፥ አንድ ኤጲስ ቆጶስ የሄሮኒሞስን ትርጕም በቤተ ክርስቲያን አስነበበ። በትንቢተ ዮናስ፥ ለነቢዩ ጥላ የኾነችው ተክል፥ በጾመ ነነዌ ስናነብ ቅል የምንላት፥ በአዲሱ ንባብ ሐረግ ተብላ ተገኘች። ሕዝቡ ከአባቶቻችን የሰማነው ይህ አይደለም ብሎ ታወከ፤ ኤጲስ ቆጶሱም ያለ ምእመናን እንዳይቀር ፈርቶ ንባቡን መለሰ። ይህን ነገር አውግስጢኖስ በ403 ዓ.ም. ለሄሮኒሞስ ጻፈለት፥ ከሰባ ሊቃናት እንዳይለይም መከረው። ባንዲት ቅል ምክንያት ኹለት ታላላቅ ሊቃውንት ተከራከሩ፤ ነገር ግን ፍቅራቸው አልተቈረጠም።

ኹለተኛው ይከፋል። ሩፊኖስ ከወጣትነቱ ጀምሮ የሄሮኒሞስ የልብ ወዳጅ ነበረ። እኛም ለሩፊኖስ ባለዕዳ ነን፤ ፍሬምናጦስ፥ አባታችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፥ ወደ አክሱም የመጣበትን ታሪክ ከወንድሙ ከኤዴስዮስ አፍ ሰምቶ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ መጽሐፉ የጻፈልን እርሱ ነውና። እኒህ ኹለቱ በአርጌንስ ትምህርት ምክንያት ተጣሉ። ሩፊኖስም የዓለምን መጻሕፍት አላነብም ብለህ በሕልምህ ምለህ ሳለ ይኸው ታስተምራቸዋለህ ብሎ መሐላውን አነሣበት። ሄሮኒሞስ ሕልም ሕልም ነው የሚል መልስ ሰጠ። የኪኬሮ ፍቅር ከልቡ እንዳልወጣ ከዚህ ይታወቃል። ሩፊኖስ በሲሲልያ ደሴት ከሞተ በኋላም ሄሮኒሞስ በትንቢተ ሕዝቅኤል ትርጓሜ መግቢያ ላይ ጊንጥ ብሎ ጻፈበት። በበረሃ ጎረቤቶቹ ጊንጦች የነበሩ ያ ሰው፥ የጥንት ወዳጁን በመቃብሩ ላይ በዚያ ስም ጠራው።

እንግዲህ ሄሮኒሞስ በምኞቱ ላይ ሲሠለጥን በምላሱ ላይ አልሠለጠነም ማለት ይቻላል። እንደ ያዕቆብ እያነከሰ ሄደ። ይህን የጻፍነው አባትን ለመንቀፍ አይደለም። ኖኅ መስከሩን፥ ዳዊት መውደቁን፥ ጴጥሮስ መካዱን ያልሸሸገ መጽሐፍ እያነበብን፥ የሌሎቹን ታሪክ ብቻ ብንሸፍን እውነት አይኾንልንምና ነው።

ታሪክ፤ በዚያው ዘመን በግብጽ አስቄጥስ በሚባለው ገዳም ከኢትዮጵያ ወገን የኾነ ሙሴ ጸሊም ነበረ፤ በስንክሳር በሰኔ 24 ቀን መታሰቢያው ይነበባል። ከምናኔው በፊት ወንበዴ ነበረ። ከመነኰሰም በኋላ የምኞት ጦር እንደ ሄሮኒሞስ አላስቀምጠው ስላለ ወደ አባ ኢሲዶሮስ ሄደ፤ ሽማግሌውም ወደ ሰገነቱ አውጥቶ የሚዋጉትን በምዕራብ፥ የሚረዱትን መላእክት በምሥራቅ አሳየው፤ የሚረዱህ ይበዛሉ ሲለው ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ በአንድ ወንድም ጥፋት ላይ እንዲፈርድ ሲጠሩት፥ የሚያፈስ ዕቃ ተሸክሞ መጣ። ይህ ምንድር ነው ባሉት ጊዜ፥ የራሴ ኃጢአት በኋላዬ እየፈሰሰ ሳላየው በሌላው ልፈርድ መጣሁ አለ፤ እነርሱም ያንን ወንድም ይቅር አሉት።

ኹለቱን ባንድነት ስንመለከት፥ የአንዱ ተጋድሎ መጽሐፍ ወለደ፥ የሌላው ተጋድሎ ርኅራኄ ወለደ። መጽሐፉ ከአንድ ሺሕ ዓመት በላይ ተነበበ፤ የሙሴ የሚያፈስ ዕቃም እስከ ዛሬ በየገዳሙ ይተረካል። ታላቅ ሥራ የምንለው ብራና የሞላው ብቻ አለመኾኑን ከዚህ እንማራለን።

ምክር፤ ከዚህ ኹሉ ሦስት ነገር እናገኛለን።

ፊተኛው፥ ተጋድሎ ብቻውን ክብር አይደለም። መከራ በሰው ኹሉ ላይ ይመጣል፤ ሰውን አሳንሶም አስመርሮም ሊያስቀረው ይችላል። ፍሬ የሚሰጠው የትግሉ ኀይል ወደ አንድ ሥራ ሲመለስ ነው። ጎርፍ ያለ ቦይ እርሻ ያጠፋል፤ በቦይ የተመራ እንደ ኾነ ግን እርሻውን ያጠጣል።

ኹለተኛው፥ ማንም ብቻውን አልተሻገረም። ያ ስሙ ያልተጻፈ ዕብራዊ መነኵሴ ፊደሉን ባያስተምር፥ ዳማሶስ ሥራውን ባያዝዘው፥ ጳውላ ገንዘቧን ባታፈስስ፥ የሄሮኒሞስ ትግል በበረሃው ተቀብሮ በቀረ ነበረ። ኢሲዶሮስም ሙሴን ወደ ሰገነቱ ባያወጣው እንዲሁ ነው። ስለዚህ መምህር የኾነ ሰው፥ ልቡ የሚዋጋውን ተማሪ ባየ ጊዜ ከጉባኤው ከማባረር ይልቅ የሚከብድ ንባብ ይስጠው። ባለጸጋም ገንዘቡ ምን እንደሚሠራ ቢጠይቅ፥ ጳውላን ያስብ፤ በ404 ዓ.ም. ሲያርፉ ከሀብታቸው አንዳች አልተረፈም ነበረ፥ ከቤታቸው የወጣው መጽሐፍ ግን አላለቀም።

ሦስተኛው፥ ፍጹም ድል እስኪመጣ ድረስ ሥራን ማቈየት አይገባም። ሄሮኒሞስ ቍጣው እስኪበርድ ቢጠብቅ አንዲት ምዕራፍ ባልተረጐመ ነበረ። በ410 ዓ.ም. ሮም በጎታውያን እጅ ስትወድቅ ኀዘኑ እጅግ ስለ ጠናበት የጀመረውን የሕዝቅኤል ትርጓሜ አቋርጦ ነበረ፤ ከሮም የሸሹት ስደተኞችም ወደ ቤተ ልሔም ይጐርፉ ስለ ነበረ መጽሐፉን ትቶ ይቀበላቸው ነበረ። በኋላ ግን እንደ ገና ብርዑን አንሥቶ፥ ዓይኑ ደክሞ ሳለ በመብራት እየጻፈ ፈጸመው። በወጣትነቱ ዕብራይስጥን ሲማር ትቶ እንደ ገና የጀመረበት ልማድ በሽምግልናው አገለገለው።

እንግዲህ ክቡራን አንባብያን፥ ያዕቆብ ያን ሌሊት ካልባረክኸኝ አልለቅህም ማለቱን እናስብ። መታገሉን የማይለቅ ኹሉ ያለ በረከት አይቀርም፤ በማግሥቱም ዔሳውን ሊገናኝ የሄደው፥ እግሩ እስኪድንለት ሳይጠብቅ፥ እያነከሰ ነው።